መሳቂያው እንግዳው ነው ወይስ ቤቱ?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ከፊልም ወዳጆች ጋር ፊልም አይተን ስንወያይ ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። መብራት ሳይሄድብን እስከ መጨረሻው በማየታችን ደስ ብሎኛል።

ፊልሙ ሲታይ እኔ አብዛኛውን ጊዜ እናንተን ነበር የማየው። የት ቦታ ላይ እንደምትስቁ ማወቅ ፈልጌ ነው። ጎዳና አዳሪው ተንበርክኮ የውሻውን ምግብ መብላት ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ውሻው እሱን አይቶ መብላት ሲጀምር ደግሞ ባሰባችሁ። ግን በሰውየው ድህነት የሳቀ አልነበረም። የሳቃችሁት በቤቱ ነው። በባለቤቶቹ ነው። ለውሻ የአእምሮ ሐኪም በመቅጠራቸው ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ሀብታም ቤት ያልተጠበቀ እንግዳ ሲገባ መሳቂያ መሆን ያለበት ማን ነው?

ዘግይታችሁ ለገባችሁ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊልሙ «ዳውን ኤንድ አውት ኢን ቤቨርሊ ሂልስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የአሜሪካ ኮሜዲ ነው። ዳይሬክተሩ ፖል ማዙርስኪ ነው። ቤቨርሊ ሂልስ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለች የሀብታሞች ከተማ ናት። ሪቻርድ ድራይፈስ የሚጫወተው ዴቭ የልብስ መስቀያ አምርቶ የከበረ ሰው ነው። ሚስቱን ባርባራን ቤት ሚድለር ትጫወታለች። ገንዘብ ሞልቷቸዋል፤ ሰላም ግን የላቸውም። ሴት ልጃቸው ምግብ አትበላም። ወንድ ልጃቸው አባቱን ፊት ለፊት ማናገር ስላቃተው ቪዲዮ እየቀረጸ ያሳየዋል። ባልየው ሌሊት ሌሊት ተነስቶ ወደ ቤት ሠራተኛዋ ክፍል ይሄዳል። ማቲስ የሚባለው ውሻ እንኳን ምግብ አልበላም ብሏል።

ኒክ ኖልቲ የሚጫወተው ጄሪ ጎዳና አዳሪ ነው። ያለው አንድ ውሻ ብቻ ነው። ውሻው የሚያበላው ሌላ ሰው አግኝቶ ጥሎት ይሄዳል። ጄሪ ተስፋ ይቆርጣል። ኪሱን በድንጋይ ሞልቶ የነዴቭ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ዴቭ ዘሎ ያወጣዋል። ትንፋሽ ሰጥቶ ያድነዋል። ከዚያም ቤቱ ያስገባዋል። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ መጀመሪያ የአሜሪካ አልነበረም። ሥሩ ፈረንሳይ ነው። ረኔ ፎሽዋ የሚባል ጸሐፊ ለመድረክ ጻፈው። ዣን ርኗር እ.ኤ.አ. በ1932 ፊልም አደረገው። እዚያ እንግዳው ቡዱ ይባላል። የተጫወተው ሚሼል ሲሞን ነው። ቡዱም ውሻው ጠፍቶበት ነው ፓሪስ መሃል ሴን ወንዝ ውስጥ የሚዘለው። አንድ መጽሐፍ ነጋዴ ከቤቱ መስኮት በመነጽር ያየዋል። ሮጦ ያድነዋል። ቤቱ ወስዶ ያለብሰዋል፣ ያበላዋል። ቡዱ አያመሰግንም። ጫማውን በአልጋ ልብስ ይወለውላል። የተከበረ መጽሐፍ ውስጥ ምራቁን ይተፋል። ከነጋዴው ሚስት ጋርም ይቀራረባል። ነጋዴው ሰው በማዳኑ ሜዳሊያ የሚሸለመው በዚሁ መሃል ነው። ያቺን ሜዳሊያ አትርሷት። የታሪኩ ቁልፍ እሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

ነጋዴውም ዴቭም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ፊልሙን የምወደውም ለዚህ ነው። ስግብግብና ጨካኝ ሀብታም አምጥቶ መስደብ ቀላል ነው። ተመልካቹም «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዴቭ ግን ደግ ነው። ውኃ ውስጥ ዘሎ የገባው ማንም ሳያዝዘው ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ዴቭ በጄሪ በኩል ራሱን ማየት ይፈልጋል። «ይኼን ሰው እኔ ነኝ ያዳንኩት፣ እኔ ነኝ ሰው ያደረግኩት» ማለት ያምረዋል። የእሱ ሜዳሊያ ይህ ነው። ሥራ ሊያስይዘው ይሞክራል፣ ያለብሰዋል። ጄሪ ግን መዳኑን እንደ ብድር አይቆጥረውም። የሚከፍለው ምስጋና የለም። ቤቱን የሚያፈርሰውም ይኸው ነው። ሰጪው የሚጠብቀው ነገር እንዳለ የሚታወቀው ተቀባዩ ዝም ሲል ነው።

ያገራችን ሰዎች «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ጨርቅ» ይላሉ። የፊልሙ አካሄድ ልክ እንደዚህ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡ በሙሉ ጄሪን ይወደዋል። ውሻው ይድናል። እናቲቱ ትፍታታለች። ልጁ የሚሰማው ሰው ያገኛል። ሠራተኛዋ ካርመን እንኳን ስለ መብቷ ማሰብ ትጀምራለች። ቤቱን ያስተካከለው ጎዳና አዳሪው ነው። ዴቭ ይህን እያየ ሊደሰት ሲገባው ይቀናል። በገዛ ቤቱ ተረስቷልና። በመጨረሻ ደግሞ ነገሩ ሴት ልጁ ላይ ሲደርስ ትዕግሥቱ ያልቃል። ያዳነውን ሰው ሊገድል ያባርረዋል። ግብዣው ተበጠበጠ፣ እንግዶቹ ገንዳ ውስጥ ገቡ። አይታችሁታል።

አንዲት ትንሽ ትዕይንት ሳልጠቅስ አላልፍም። ጎረቤቱ ኦርቪስ ጥቁር ሀብታም ነው። የሚጫወተው ዘፋኙ ሊትል ሪቻርድ ነው። ነጮቹ ቤት የማስጠንቀቂያ ደወሉ ሲጮኽ ፖሊስ ግቢውን ይሞላዋል። ኦርቪስ አጥሩ ጋ ቆሞ «እኔ ቤት ሲሆን እንዲህ አትመጡም» ብሎ ይጮኻል። ሳቅን። ግን ያቺ አጭር ትዕይንት ገንዘብ ካለህም አሜሪካ ውስጥ የማታገኘው ነገር እንዳለ ተናግራ ነው ያለፈችው። ጥሩ ኮሜዲ እንዲህ ነው። ስብከት ውስጥ አይገባም።

ይህ ዓይነቱ ታሪክ ሌሎችም ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 በተሠራው «ማይ ማን ጎድፍሪ» ሀብታሞቹ ለጨዋታ ብለው ከቆሻሻ መጣያ አካባቢ አንድ ሰው ያመጣሉ። ሰውየው የቤታቸው አሳላፊ ይሆንና ከሁሉም በላይ ጨዋ ሆኖ ይገኛል። ያ ፊልም የወጣው አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት በተመታችበት ዘመን ነው። ሰው በየመንገዱ ሥራ አጥቶ ሲያድር ሀብታም ቤት እንዴት እንደሚዋል ማየት የሁሉም ፍላጎት ነበር። ኮሪያዎችም እ.ኤ.አ. በ2019 በ«ፓራሳይት» ድሃ ቤተሰብ በሠራተኛ ስም አንድ በአንድ ሀብታም ቤት ሲገባ አሳይተው ዓለምን አነጋግረዋል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ የለም» የሚል ካለ፣ እኛ ጋ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ያውም ጎጃም ውስጥ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንቶቻችን በፍቅር ታሪክነቱ ብቻ እናስታውሰዋለን። በዛብህ ማን ነው? ከማንኩሳ የመጣ የድሃ ገበሬ ልጅ። የቤተ ክህነት ተማሪ። የት ገባ? ፊታውራሪ መሸሻ ቤት። ለምን ገባ? ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር። ትልቅ ቤት፣ ትልቅ ስም፣ ብዙ አሽከር። በዚያ ቤት ውስጥ ግን ልጅቱ ትዳር እያማራት ትኖራለች። የሚመጥናት ዘር ጠፍቷላ! ድሃው አስተማሪ ሲገባ ቤቱ ምን እንደሆነ ገሃድ ወጣ።

እዚያው ቤት ደግሞ ጉዱ ካሳ አለ። የራሳቸው ዘመድ ነው፤ ግን እንደ ባዕድ ነው የሚታየው። እብድ ይሉታል። የቤቱን እውነት የሚናገረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ፊታውራሪ ገበሬዎቻቸው አዲስ ግብር አንሰጥም ሲሏቸው ጦር አዘጋጅተው የዘመቱበትን ክፍል አስታውሱ። ተይዘው ሲመለሱ ያልሳቀ አንባቢ አለ? መጽሐፉ ያስለቅሳል፣ እውነት ነው። ግን ሐዲስ ትልቁን ቤት መሳቂያ ለማድረግ አልፈሩም። እሳቸውም በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ያለፉ ናቸው። ደጅ ቆሞ መለመን ምን እንደሆነ፣ ቤቱ ከደጅ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያውቁታል።

ጎጃም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ለቅኔ ብሎ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ ከሩቅ አገር የሚመጣው ብዙ ነው። የየቤቱን ጠባይ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። የትኛዋ እመቤት ትኩስ እንጀራ እንደምትሰጥ፣ የትኛዋ ሻጋታ እንደምትሰጥ፣ የትኛው ቤት ውሻ እንደሚለቅ ያውቃል። ፊልሙ ውስጥ ውሻው ከባለቤቶቹ ይልቅ ከድሃው ጋር ሲስማማ እኛ ይበልጥ የሳቅነው ለዚህ ይመስለኛል። እኛ አገር የሀብታም ውሻና ድሃ ተማሪ ተስማምተው አያውቁም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለን ኮሜዲዎቻችን ምን ያሳዩናል? ይህን ስናገር ይከነክነኛል። ከገጠር የመጣ ሰው ከተማ ቤት ሲገባ መሳቂያው ሁልጊዜ እሱ ነው። ሊፍት ያስደነግጠዋል። ሻወር መክፈት ያቅተዋል። ቴሌቪዥኑን ያናግራል። ከጎጃም የመጣ ከሆነ ደግሞ አፉን ሲከፍት ሳቅ ነው። «እህሳ» ሲል ሳቅ። የእናቴ አነጋገር ነው፤ የእናንተም እናቶች አነጋገር ነው። ተዋናዩ ያንን አነጋገር አጋንኖ ያመጣዋል፣ ሰው ይንከተከታል፣ ፊልሙ ያልፋል። ቤቱ ግን ሳይነካ ይቀራል። ባለ ቪላው እንዴት ሀብታም እንደሆነ፣ ሠራተኛዋን እንዴት እንደሚይዝ፣ ከልጁ ጋር ስንት ጊዜ እንደማይነጋገር ማንም አይጠይቅም። ካሜራው ከባለቤቱ ጎን ሶፋው ላይ ተቀምጦ እንግዳውን ያያል።

እኔ የምለው ካሜራው ይዙር ነው። ከእንግዳው ጎን ይቁምና ቤቱን ይመልከት።

እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ስክሪፕት እንደምትጽፉ አውቃለሁ። የምታውቁትን ነገር አስቡ። ከቢቸና ወይም ከሞጣ አንድ ሽማግሌ ለሕክምና ባሕር ዳር ይመጣሉ። የእህታቸው ልጅ ባሕር ዳር የታወቀ የጤፍ ነጋዴ ነው። ሆቴል ማደር ነውር ስለሆነ እሱ ቤት ያርፋሉ። ይህ በየቤታችን ያለ ነው። ቀጠሮው ለሳምንት ይባላል፤ ምርመራው ይረዝማል፤ ሳምንቱ ወር ይሆናል። እንግዳው ከወርቅ ወደ ብር ይወርዳል። የት ነው የሚተኙት? ልጅየው ክፍሉን ይለቃል ወይስ ሳሎን ፍራሽ ይነጠፋል? ሳሎኑ ውስጥ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ አለ። ቡፌው ውስጥ ማንም የማይበላበት ሳህን አለ። ሽማግሌው ግን «ቤት ለእንግዳ» ተብለዋልና ሄደው ሶፋው ላይ ቁጭ ይላሉ። እመቤቲቱ ምን ታደርጋለች? ልትናገር አትችልም። ይሉኝታ አለ። ይህን ይሉኝታ ቤቨርሊ ሂልስ የሚያውቀው አይመስለኝም። ዴቭ ሲበቃው «ውጣ» ማለት ይችላል። እኛ ግን እንግዳን ውጣ አንልም፤ ፊታችን ነው የሚናገረው። ሳህን ሲቀመጥ ድምፁ ይጨምራል። ቡና ሦስተኛው ሳይደርስ ይነሳል። የእኛ ኮሜዲ ያለው እዚህ ነው። ለአንድ ተዋናይት ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ሚና ይሰጣታል?

ሽማግሌው ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተው ዳዊት ይደግማሉ። ቤቱ በሙሉ ይነቃል። እስከ ሌሊት ስልክ ላይ ሲያፈጥ ያመሸው ልጅ መጀመሪያ ይናደዳል። በኋላ ግን እንቅልፍ ሲያጣ አጠገባቸው መጥቶ ይቀመጣል። ከነጋ ደግሞ እግራቸውን ለማፍታታት ወደ ገበያ ይወጣሉ። ማታ ነጋዴውን «ይኼ ጤፍ የኛ አገር ነው፤ እኛ ስንት ሸጥንላችሁ፣ እናንተ ስንት ትሸጡታላችሁ?» ብለው ይጠይቁታል። በክፋት አይደለም። የልባቸውን ነው የሚጠይቁት። እራት ላይ፣ ሌሎች እንግዶች ባሉበት። በዚህች አንዲት ጥያቄ ብቻ አሥር ደቂቃ የሚሆን ትዕይንት መጻፍ ይቻላል።

ሠራተኛዋን አትርሷት። ማዙርስኪ ካርመንን አልረሳትም። ብቻ እኔ ትንሽ ቸኩሎ አልፏታል እላለሁ፤ ከባለቤቱ ጋር ያላት ነገር እንደ ቀልድ ታልፏል፣ እዚያ ላይ አልወደድኩለትም። ባሕር ዳር ቪላ ውስጥ የምትሠራው ልጅ የሽማግሌው አካባቢ ልጅ ልትሆን ትችላለች። አባቷን ያውቁታል። እሷ «አያ» ብላ ነው የምትጠራቸው። እመቤቲቱ ለወራት ስሟን ብቻ ነው የምታውቀው። እሳቸው በአንድ ምሽት የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት እንዳቋረጠች፣ ደመወዟን ማን እንደሚቀበልላት ያውቃሉ። «ነይ አብረሽን ብዪ» ብለው ከማዕዱ ይጠሯታል። ማን ይናገር? ማን ይከልክል? ቤተሰቡ በሙሉ እጁ እንጀራው ላይ ይቆማል። እዚህ ላይ አዳራሹ መሳቅም ዝም ማለትም ይችላል። ዳይሬክተሩ የቱን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይወስን።

ገንዘብ የለንም የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ዓይነቱ ፊልም ከሁሉም በላይ ለኛ የሚመች ነው። አንድ ቤት፣ ስድስት ሰባት ተዋናይ፣ አንድ ግቢ ይበቃል። መጀመሪያም ቴአትር ስለነበረ ታሪኩ የተሠራው ለአንድ ቤት ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ግን ያስፈልገዋል። አነጋገሩን ለሳቅ ብሎ ሳያጋንን በትክክል የሚጽፍ ሰው። ተዋናዩም ሽማግሌዎች መሃል ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ይሁን።

አንድ የቀረኝ ነገር ስለ መጨረሻው ነው። በፎሽዋ ቴአትር ቡዱ ተገርቶ፣ አግብቶ ይቀራል። ርኗር ይህን አልተቀበለም። በሱ ፊልም ቡዱ በሠርጉ ቀን ጀልባዋ ትገለበጣለች፣ ውኃው ይወስደዋል፣ ከወፍ ማስፈራሪያ ላይ አሮጌ ልብስ ገፎ ለብሶ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ማዙርስኪ ደግሞ ጄሪን አስወጥቶ፣ ውሻውን አስከትሎ፣ እንደገና ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ሦስቱም የየዘመናቸውን መልስ ሰጥተዋል። የርኗርን እወደዋለሁ። ነፃ ሰው ነፃ ሆኖ ሄደ።

ለእኛ ግን ሦስቱም አይሆኑም። ቡዱም ጄሪም ቤት የላቸውም። ስለዚህ ወይ ይቀራሉ ወይ ወደ ጎዳና ይመለሳሉ። የቢቸናው ሽማግሌ ግን ቤት አላቸው። ሚስት፣ በሬ፣ ማሳ አላቸው። የእግዜር እንግዳ የሚያሳድሩበት ደጅ አላቸው። ከተማ ስለመጡ እንግዳ ሆኑ እንጂ አገራቸው ላይ እሳቸው ናቸው ጌታው። ይህን ነገር ካየኋቸው የፊልም እንግዶች አንዱም የለውም፤ ለእኛ ጸሐፊዎች ትልቅ ዕድል ነው። እኔ የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ እዚያ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሽማግሌው ታክመው ሲመለሱ ቤተሰቡ ሊሸኛቸው አብሮ ይሂድ። መኪናው ጭቃ ይያዘው። ይምሽባቸው። ነጋዴው፣ ሚስቱና ልጆቹ ደጅ ቆመው «ቤቶች!» ይበሉ። እግራቸውን የምታጥብ፣ አልጋዋን የምትለቅ፣ ያላትን አንድ ዶሮ የምታርድ ሴት ትውጣ። እሷ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚቆዩ አትጠይቅ። አሁን እመቤቲቱ የት ትቀመጣለች? ልጅየው ስልኩን የት ይሰካል? ነጋዴውስ፣ ጤፍ የሸጡለት ገበሬዎች ሊጠይቁት ሲመጡ ምን ይላቸዋል?

ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተ ጻፉት። ጥያቄና አስተያየት ያለው አሁን ይናገር፤ የጀመረው ስክሪፕት ያለውም ይዞት ይምጣ፤ በሚቀጥለው ስንገናኝ ጮክ ብለን እናነበዋለን።